ደጃፉ ዝቅ ያለው ቤት

ለምወድሽ ልጄ ለኤዶም፤

የጌታ ሰላም ናይሮቢ ድረስ ይድረስሽ፤ መውጣት መግባትሽን ይባርክልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዌምብሊም ዝናቡን አልተወም።

ወንድምሽ ሳዶቅ ሠርጉን ከለንደን ወጣ ብሎ ባለ ጥንታዊ የገጠር እንግዳ ማረፊያ ላድርግ ሲለኝ፣ ቢራ እንደሚሸጥበት ሰምቼ «ልጄን መጠጥ ቤት አልድርም!» ብዬው ነበር። «እስቲ መጀመሪያ እዪው» ብሎ ቅዳሜ ምሳ ጋበዘኝ። ምግቡ ጥሩ ነው፤ የጠረጴዛው ጨርቅም በደንብ ተተኩሷል። በሩ ግን በጣም ዝቅ ያለ ነው። እኔ አጭሯ ቀጥ ብዬ ገብቼ ከበሩ ትይዩ ተቀመጥሁ። ከኋላዬ የቤቱ ባለቤት፣ የወንድምሽ እጮኛ ሚካል፣ በመጨረሻም ታላቅ ሰው ሲያገኝ አንገቱን ብቻ የሚነቀንቀው ሳዶቅ፣ ሁሉም ከወገባቸው ጎንበስ እያሉ ወደ እኔ መጡ። ስንት ዓመት የለፋሁበትን በሩ በአንድ ቀን አስተማረው!

«ምን ያስቅሻል፣ እማዬ?» አለኝ።

«ቡክ አድርገው። የእኔን ወንበር ግን ከዚህ እንዳያነሡብኝ» አልሁት።

ቀሚስሽን በጊዜ አሰፊ። ተረከዙ ረጅም ጫማ አትግዢ፣ ግንባርሽን ትመቻለሽ። እግዚአብሔር በሰላም ያምጣሽ። የዚያን ቀን ዓይኔ ከበሩ አይነቀልም፤ እባክሽ ልጄ፣ አንቺም ጎንበስ ብለሽ ግቢልኝ።

እናትሽ