«ሰባቷ ወጣች?»፦ ስለ ድምፅ ማጉያዎ ዝና ለዋና ሥራ አስኪያጁ

ለተከበሩ የድምፅ ማጉያ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሽልማቶች ሁሉ በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ጆሮዎ ደህና ይሁን። የተራው ሰው ጆሮ ቢታመም የሚጎዳው ራሱ ነው፤ የእርስዎ ጆሮ ቢታመም ግን ጥሩ ድምፅ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ስለምናጣ፣ በነፋስ ቀን ሻርፕ ሳይጠመጥሙ እንዳይወጡ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔን አያስታውሱኝም፤ በዚህም አልቀየምም። የማዳመጫ ክፍሉንና ኮሪደሩን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠረግሁ ሴት ነኝ። እርስዎ ሲያልፉ ግድግዳውን ተጠግቼ መንገድ እለቅልዎ ነበር፤ እኔን ባያስታውሱ ግድግዳውን አይረሱትም፣ ቀለሙን ያስቀየሩት እርስዎ ነዎት። ባለቤቴ ደግሞ የእንጨት ክፍሉ አናጢ ነበር። የድምፅ ማጉያዎቹን ሣጥን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ካረፈ ዘንድሮ ስምንት ዓመቱ ነው።

ይህን ደብዳቤ በሰው አላስጻፍሁትም፤ በገዛ እጄ ነው የጻፍሁት። ፊደል የቆጠርሁት በስልሳ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ፣ «ድምፅ» የሚለውን ቃል አንድ ቦታ በዚህኛው «ፀ»፣ ሌላ ቦታ በዚያኛው «ጸ» ጽፌው ቢያገኙ እንዳይፈርዱብኝ። አስተማሪያችን መልካቸው ቢለያይም ድምፃቸው አንድ ነው ብላናለች። በእርስዎ ፋብሪካ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ መልኩ አንድ ሆኖ ድምፁ እንደተለየ የተረዳሁት ኋላ ነው።

ጉዳዬ ባጭሩ አንድ ካሴት ነው። ባለቤቴ ከአንድ እስከ አሥር ሲቆጥር የተቀረጸበት ካሴት። ከዚያ ሌላ የእሱ ድምፅ የተቀረጸበት ነገር አልነበረም፤ ፎቶግራፍ አለኝ፣ ፎቶግራፍ ግን ዝም ነው። ፊደል የቆጠርሁትም ለዚህ ካሴት ስል ነው። ሥራ የሚበዛበት ሰው ቁጥር ሲያይ ስለሚቀለው፣ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ያማረውን ብሮሸርዎን አንብቤዋለሁ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ፊደሉም ትልልቅ ስለሆነ ለጀማሪ አንባቢ የታሰበ ይመስላል፤ ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ገጽ አራት ላይ ፋብሪካው የታወቀበት «የሰባት መለኪያ» በሰባት ሳይንሳዊ ደረጃዎች ላይ የተመሠረተ ነው ይላል። ሰባቱን ደረጃዎች ለማግኘት ገጹን ሦስት ጊዜ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት፤ አምስት ብቻ አገኘሁ። ጥፋቱ የእኔ ንባብ ይሆናል።

እኔ የማውቀው ሰባት ግን አንድ ነው። የፋብሪካው መሥራች፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የመጀመሪያውን መቅረጫ ባመጡ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ማይክሮፎኑን ፈርቶ ሲሸሽ፣ ባለቤቴ የክፍሉን በር ማጠፊያ እያጠበቀ ነበር። «አንተ፣ ና እስቲ ቁጠር» አሉት። «እስከ ስንት ጌታዬ?» አላቸው። «ጣትህ እስኪያልቅ» አሉት። ቆጠረ። የሞርሳ እጀታ ተፈናጥሮ የፊት ጥርሱን ካወለቀው ወር አልሞላውም ነበርና፣ «ሰባት» ሲል በክፍተቱ ነፋስ ሾልኮ አፏጨ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም «ምን ያስቃችኋል? የእናንተም ተራ ይደርሳል!» ብሎ ወደ ስምንት አለፈ። ይኸው ሁሉ ካሴቱ ላይ አለ። ወይም ነበረ።

ሽማግሌው መሥራች ብቻ አልሳቁም። «ይቺን ፉጨት ሳያጎድልና ሳይጨምር የሚያወጣ ሣጥን፣ የሰውን ድምፅ ሁሉ ያወጣል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ተሠርቶ ያለቀ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ይቆምና ያ ካሴት ይከፈትበታል፤ ፈታሹ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከእንጨት ክፍሉ «ሰባቷ ወጣች?» ብለው ይጮኻሉ። ፉጨቷ ከተዋጠች ሣጥኑ ይመለሳል፤ ከበዛችም ጆሮ ትወጋለችና ይመለሳል። ከመጋረጃው ጀርባ ሰው የቆመ ከመሰለ ብቻ «ወጣች!» ይባላል፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ ወደ ገበያ ይሄዳል። ክቡርነትዎ፣ የሰባት መለኪያዎ የአንድ አናጢ ወላቃ ጥርስ ነው።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴ ጥርሱን ላስተክል ባለ ጊዜ ሽማግሌው «ካሴቱ ሲያረጅ በምን ልቀርጽህ ነው? እባክህ ተው» ብለው ለመኑት። ለእሳቸው ሲል ተወው፤ ዳግመኛ ግን የቀረጸው አልነበረም። በልጃችን ሠርግ ፎቶግራፍ ላይ አፉን ገጥሞ፣ የተቆጣ መስሎ የቆመው ለዚህ ነው። የሙሽራው ዘመዶች «አባትየው ልጃችንን አልወደደውም» ብለው ዓመት ሙሉ አምተውታል። ለድርጅትዎ ዝና የተከፈለ ነውና ደስ ሊለን ይገባል።

ሦስተኛ፤ በየዓመቱ ድምፅ ሊዳኙ የሚመጡትን የተከበሩ እንግዶችዎን አስታውሳለሁ። ወንበራቸው የሚቆምበት ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ስለነበረበት፣ ያቺን ምልክት ሳላጠፋ ዙሪያዋን መጥረግ ከሥራዬ ሁሉ ከባዱ ነበር። እነሱም ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዱ ሞቅ ያለ ነው ይላል፣ አንዱ ጥልቀት አለው ይላል፣ አንዱ ደግሞ ያንቀላፋል። ብሮሸርዎ ላይ «ከሰው የማይለይ ድምፅ» ብለው የመሰከሩትን ሳነብ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጓጓሁና፣ ባለፈው ሳምንት ትልቁ መንገድ ላይ ወዳለው ሱቅዎ ሄድሁ።

ሻጩ ጨዋ ሰው ነው። «እናቴ፣ መንገድ ጠፍቶዎት ነው?» አለኝ። አልጠፋኝም፣ የሰው ድምፅ አሰማኝ አልሁት። አንዲት ዘፋኝ ከፈተልኝ። በሐቅ ልፍረድ፤ ወፍራሙ ድምፅ ደረት ይመታል፣ ቀጭኑ እንደታጠበ ብርጭቆ ጥርት ብሏል፤ መካከሉ ላይ ግን፣ ሰው በሚቆምበት ቦታ፣ ማንም የለም። ዘፋኟ ቃሏን ጨርሳ ትንፋሽ ስትስብ አይሰማም፤ ሳትተነፍስ እንዴት እንደምትዘፍን እንጃላት። «እንዴት ነው እናቴ?» ቢለኝ፣ «ቤቱ ያምራል፤ ሰው ግን የለበትም» አልሁት። «ኧረ እናቴ፣ ይህ እኮ ሦስት ሽልማት የበላ ነው!» አለኝ። «ለዚህ ነዋ፣ ጠግቦ አላወራም ያለው» አልሁት።

እጄንም ወደ ሣጥኑ ጀርባ ሰደድሁ። ባለቤቴ ማንም የማያየውን ጀርባ ከፊቱ አስበልጦ ነበር በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልሰው፤ «ድምፅ እንደ ሐሜት ነው፣ ከጀርባ ነው የሚጀምረው» ይል ነበር። የዛሬው ጀርባ ችፑድ ነው፤ ጣቴ ላይ ስንጥር ቀረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ስለ ዝናዎ ከሱቁ ውስጥ የሚባለውን አይሰሙ ይሆናል ብዬ ነው የነገርሁዎ።

አራተኛ፤ የብሮሸሩ ሽፋን ላይ «ድምፅ አይሞትም» ተብሎ በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፤ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ያህል ካሴቱ በየማለዳው ይከፈት ነበር። ሌላዋ ባሏ የሞተባት ሴት መቃብር ትሄዳለች፤ እኔ ኮሪደር እጠርግ ነበር። ሥራዬን አመቻችቼ ሦስት ሰዓት ላይ ከማዳመጫ ክፍሉ በር አጠገብ እደርሳለሁ። እሱ ይቆጥራል። ሰባት ላይ ያፏጫል። «ምን ያስቃችኋል?» ይላል። እኔም መጥረጊያዬን ተደግፌ «ምንም» እላለሁ። ሣጥኑ ጥሩ ያልሆነ ቀን ጉንፋን የያዘው እየመሰለኝ ስጨነቅ እውላለሁ፤ ጥሩ የሆነ ቀን ደግሞ፣ ዛሬ ምሳ ምን ልሥራለት ብዬ ያሰብሁበት ጊዜ አለ። ስለ ፋብሪካው የቀድሞ ጥራት ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየትም አያገኙም፤ ከዳኞችዎ መካከል ተሳስቶ ለሣጥን ምሳ ያሰበ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ እርስዎ መጡ፤ ድምፅ የሚለካውም ማሽን መጣ። አንድ ሰኞ ድምፁ አልተሰማም። ፈታሹን ብጠይቀው «ተቀይሯል እማማ፤ ከእንግዲህ ማሽኑ ነው የሚሰማው» አለኝ። መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ ካሴቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ጡረታ ወጥቼ ልለምነው ብል በደብዳቤ ካልሆነ አይቻልም ተባለ። ለማላውቀው ደብዳቤ ጸሐፊ ቁጭ ብዬ «የባሌን ፉጨት መስማት ፈልጌ ነው» ማለት አሳፈረኝ። ራሴ እጽፈዋለሁ ብዬ፣ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ልቆጥር ገባሁ።

ስድስተኛ ቅሬታ የለኝም። ሰባት ላይ ለመድረስ ግን ስድስትን ማለፍ ግድ ነው።

ሰባተኛ፤ ማንበብ በጀመርሁ ሰሞን ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ የሳሙና መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የአውቶቡስ ጎን። አንድ ቀን የኩሽናዬን ቁምሳጥን ላጸዳ ሳህኖቹን ሳወርድ፣ ከሥራቸው ያነጠፍሁት ወረቀት ላይ ፊደል አየሁ። ከፋብሪካው ያመጣሁት ወረቀት ነው። በማዳመጫ ክፍሉ በር ላይ አሥራ ሁለት ቀን ተለጥፎ ነበር፤ በየማለዳው አቧራውን ያነሳሁለት እኔ ነኝ። ማንበብ እንደማልችል ደብቄ ስለኖርሁ ያነበበልኝ አልነበረም፤ ይህን በእርስዎ አላላክክም። ወረቀቱ ሲነሳ «እማማ፣ ይቺን ይጣሏት» አሉኝ። ወፍራምና ንጹሕ ስለነበረ ለሳህን ይሆነኛል ብዬ ወደ ቤቴ ወሰድሁት። ሳህኖቼ አራት ዓመት የተቀመጡበት ቃል ይህ ነው፦

«በማዳመጫ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ የሚገኙ ባለቤት የሌላቸው ካሴቶች ስለሚደመሰሱ፣ ባለቤት ነኝ የሚል እስከ ዓርብ ድረስ ቀርቦ እንዲወስድ እናሳስባለን።»

እርስዎ ብዙ የተማሩ ሰው ስለሆኑ፣ ባለቤት የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ እንዳለው አይጠፋዎትም። ባለቤት ማለት የዕቃው ጌታ ነው። ባለቤት ማለት ደግሞ የሰውየው ሚስት ናት። ባለቤቱ ያን አሥራ ሁለት ቀን በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ጨርቅ ይዛ፣ ማስታወቂያዎን እየወለወለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከዚያ ክፍል የወጣውን ቆሻሻ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ክር ክር ያለ ጥቁር ነገር ሞልቶበት ነበር። ዛሬስ ቀለል አለኝ ብዬ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ስለዚህ ልጽፈው ብዬ የተማርሁት ልመና ሳይጻፍ ቀረ፤ በእሱ ፈንታ ይህ ተጻፈ። ሁለት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ከቀድሞ ሠራተኞች አንዱ ያን ካሴት ገልብጦ ቤቱ ወስዶት እንደሆነ፣ ሌባ ሳይሉ ይጠይቁልኝ፤ አንድ ጊዜ ሰምቼ እመልሳለሁ። በየትኛውም ሣጥን ይሁን፣ በችፑዱም ቢሆን ግድ የለኝም፤ የጎደለውን እኔ እሞላዋለሁ። ካልተገኘ ግን ገጽ አራትን ያርሙልኝ። ሰባት ደረጃ የሚለውን ሰርዘው፣ ሰባት ማለት ጥርሱ የወለቀ አናጢ ሲቆጥር ያፏጨባት ቁጥር ናት ብለው ይጻፉ። ሰው ይስቃል ብለው አይፍሩ፤ ለሚስቀው እሱ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ድረስ ካነበቡ፣ የወሰደብዎ ጊዜ እኔ ማንበብ ለመማር ከወሰደብኝ ያነሰ እንደሚሆን ተስፋ በማድረግ፣ ጆሮዎንና ሽልማቶችዎን አምላክ እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ዘወትር አክባሪዎ፣
የኮሪደርዎ ጠራጊ የነበርሁት፣
የሰባቷ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ማስታወቂያውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አላያያዝሁትም። ታጥፎ ቁምሳጥኔ ውስጥ አለ። ግርጌው ላይ ያለው ስምና ፊርማ የእርስዎ እንደሆነ አሁን ማንበብ ችያለሁ። ባለቤት ነኝ የሚል እስከ ዓርብ ድረስ ቀርቦ ይውሰድ።