ዶሮ ያዳነች አምቡላንስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬም ሦስት የአደጋ ሪፖርት። ሦስቱም «ፍሬን እምቢ ብሎኝ» ይላሉ። የመንግሥት መኪና ጥገናና የጉዳት ካሳ ስሠራ ስንት ዓመቴ... አንድ ሾፌር እንኳ ጥፋቱ የኔ ነው ሲል አልሰማሁም። ፍሬን አፍ ቢኖረው ስንቱን ይከስ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የዛሬው ደግሞ ጉድ ነው። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሾፌር መጣ። ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ጓደኞቹ «አባ ቀስ» ይሉታል። አምቡላንሷ ፊቷ ጭምድድ ብሏል፤ ደግነቱ በሽተኛ አልጫነም ነበር። ሪፖርቱ አንድ መስመር፦ «ዶሮ ላድን ብዬ ግንብ ገጨሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጋሼ፣ እውነት ይሄን ላስገባው?»

«ታዲያ ምን ልበል፣ ልጄ? የሆነው እሱ ነው።»

«ዶሮዋስ?»

«ደህና ናት።»

ሲወጣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እንዴት ኮርቶ እንደተናገረው...

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሳቄ ጠፋ። የጋራዡ ግምት ኢንሹራንሱ የሚከፍለውን እጥፍ ሆነ። ኃላፊያችን «አታዋጣም፣ በጨረታ ትሸጥ» አሉ። ጤና ጣቢያው ሌላ አምቡላንስ የለውም። ምጥ የያዛት በምን ትሂድ? አባ ቀስም ዘበኛ ሊሆን ነው። ግቢያችን የቆመችውን ስብርባሪ ግን ጠዋት ጠዋት እየመጣ በጨርቅ ይወለውላታል። በመስኮት ሳየው አንጀቴን በላው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

እስከዛሬ ዓይኔ የት ነበር? አጠገቧ የመንገድ ሥራው ቢጫ ፒክአፕ ቆሟል። ገልባጭ መኪና ከኋላ ጨፍልቆት ሊወገድ ነው። ፊቱ ግን ደህና... ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። የሱን ፊት ለሷ ብንገጥምስ? ጋራዡ ጋ ደወልኩ። ልክክ ይላል አሉ፤ ወጪውንም ኢንሹራንሱ ይችለዋል።

ኃላፊው፦ «ቢሮውን መሳቂያ ልታደርጊው ነው?»

«መሳቂያ ብንሆንስ፣ አለቃ? ብቻ ትሂድልን።»

 መነጽራቸውን አስተካክለው ፈረሙ። ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ከጋራዥ ወጣች። ገላዋ ነጭ፣ አፍንጫዋ ቢጫ... ቁርጥ ዶሮ ሆናለች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። አባ ቀስ ብቻ አልሳቀም፤ ጨርቁን አውጥቶ አፍንጫዋን ይወለውላል።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

የጤና ጣቢያው ነርስ ደወለች። ትናንት መንታ ያረገዘች እናት በሰላም ሆስፒታል አድርሰዋል። «ሰው ሁሉ ‹ዶሮዋ መጣች› እያለ መንገድ ይለቅልናል» አለች። ምጥ ላይ ያለችው ሴትዮ እንኳ ስትገባ ስቃለች አሉ።

ኃላፊው ግን ነጭ ትቀባ፣ የቀለም ወጪ አዘጋጂ ብለውኛል። አባ ቀስ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። አባ ቀስ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

«አደራ ልጄ፣ እንዳታስቀቢያት።»

ቅጹን ሞላሁ። የቀለም ወጪ፦ አያስፈልግም። ምክንያት? እስክሪብቶዬን ይዤ ትንሽ አሰብኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ደህና ናት።»