እየፈሩ መድረክ የወጡት ሄስተር ኦለረንሾ

እህቴ ወይዘሮ ሄስተር ኦለረንሾ ከአባታቸው ከአቶ ኢኖክ ኦለረንሾና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤዳ ክሌግ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1931 በእንግሊዝ አገር በኦልደም ከተማ ተወለዱ። አባታችን የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛና የሰፈሩ ጸሎት ቤት ሰባኪ ሲሆኑ፣ ቲያትር ቤት መግባትን እንደ ትልቅ ኃጢአት ይቆጥሩት ነበር።

እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ተምረው በፋብሪካው ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ሠሩ። በ1951 ግን ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ሞርካም ሄደው በአንድ አነስተኛ የቲያትር ቡድን ውስጥ ለሙከራ ተቀጠሩ። አባታችን ሲሸኟቸው፣ «ከተባረርሽ ወደዚህ ቤት እንዳትመለሺ» አሏቸው። ይህን ያሉት በቀልድ አልነበረም።

ቡድኑ በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ያቀርብ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚቀጥለውን ሳምንት ተውኔት ይለማመዳሉ፣ ማታ ማታ የዚያኑ ሳምንት ተውኔት ይጫወታሉ። እህቴ ቃሉ ይጠፋብኛል እያሉ እንቅልፍ አጡ፣ ሰውነታቸውም ከሳ፤ መድረክ ከመውጣታቸው በፊትም ሁልጊዜ ያስመልሳቸው ነበር።

የፈሩት አልቀረም። በሚያዝያ 1952፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የገረድነት ሚና ይዘው ለእመቤቲቱ ሻይ ሊያቀርቡ ወጡ። «ሻይ ደርሷል» ማለት ሲገባቸው፣ ጠዋት የተለማመዱት የሚቀጥለው ሳምንት ቃል አመለጣቸው፦ «እመቤቴ፣ አስከሬኑ ጓዳ ውስጥ ነው!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ቃል አስታዋሹ ከመጋረጃው ጥግ ወረቀቱን ቢያገላብጥ፣ ቢያገላብጥ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከየት ይምጣ! የሳህኑ መንቀጥቀጥ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማ ነበር። እመቤቲቱን የሚጫወቱት አንጋፋዋ ሚስ ዶሮቲያ ፒም ግን ቀና ብለው አዩአቸውና፣ «አስከሬኑ የትም አይሄድ፤ መጀመሪያ ሻዩን ቅጂልኝ» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ተውኔቱም ቀጠለ።

እህቴ ከመድረክ እንደወረዱ ሻንጣቸውን ማሰር ጀመሩ። ሚስ ፒም ደርሰው፣ «የት ልትሄጂ ነው? እኔ ሠላሳ ዓመት ተጫውቼ ዛሬም ያስመልሰኛል። ተነሽ፣ ፊትሽን ታጠቢ!» አሏቸው። ፊታቸውን ታጥበው የማታውን ትርኢት ተጫወቱ፤ ቡድኑም በቋሚነት ቀጠራቸው። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት በመድረክ ላይ ሠሩ። ፍርሃቱ ግን አንድም ቀን አልለቀቃቸውም።

በ1958 ከመምህር ሌናርድ ፌርኸርስት ጋር ትዳር መሥርተው ጁዲት የተባለች ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል። እህቴ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2009፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ዊልፍን ትተው ሄደዋል።

«ምነው ዊልፍ፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተህ አላየኸኝም!» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ይወቅሱኝ ነበር። እኔም በአባታችን አሳብቤ አልፍ ነበር። እህቴ ሆይ፣ መጥቼ ነበር። በዚያች ቅዳሜ ከአባታችን ተደብቄ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አዳራሹ ጸጥ ሲል ያለቀልሽ መስሎኝ፣ መጨረሻሽን ማየት ፈርቼ፣ ጥዬሽ ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጥኩ። ሕዝቡ ሲስቅ እኔ አልነበርኩም። አፍሬ ሳልነግርሽ አመለጥሽኝ፤ ይቅር በይኝ።

ስትፈራ የኖረችውን ነፍስሽን እግዚአብሔር ፍርሃት በሌለበት ያሳርፍልን።