በመመገቢያው በር ላይ ለቆመው ፍተሻ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የሕፃናት ምገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ የምግብ ፍላጎትዎም እንደ ወትሮው ያማረ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ ከጎረቤቶቼ ጋር ለሕፃናት ምሳ የማዘጋጅ ሴት ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፩ኛ፦ እርስዎ ሳይደርሱልን በፊት ሥራችን ሥርዓት አልነበረውም። የሠፈሩ ሰው ከጓዳው ቀንሶ ያመጣል፣ እኛ እንቀቅላለን፤ ልጆቹ ከዳቧቸው ግማሹን ቦርሳቸው ውስጥ ሲሸጉጡ ግን አይተን እንዳላየን እናልፍ ነበር። ለትምህርት ያልደረሱ፣ ለመራብ ግን የደረሱ ታናናሾች ቤት እንዳሉ ስለምናውቅ፣ ጥፋታችንን ልናዘዝና፣ ዳቦውን ሆን ብለን ተለቅ አድርገን እንቆርጥ ነበር።

፪ኛ፦ ምግብ ከአዳራሹ እንዳይወጣ ካዘዙና በሩ ላይ ፈታሽ ካቆሙልን ወዲህ ንጽሕናችን ተጠብቋል። ሰውየው ትጉህ ነው፤ በደብተር መካከል ያለውን ፍርፋሪ ሳይቀር ያራግፋል፤ የያዘውንም ዳቦ ማንም እንዳይታመምበት ወዲያው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጥለዋል። አብራኝ የምትቀቅለው ጎረቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ቦምብ ነው ቁራሽ የምትፈልገው?» ብላ ስለዘለፈችው በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ፦ የልብስ አጣቢዋን ልጅ አያውቋትም። እናቷ ከሰው ቤት የምትመለሰው ሲመሽ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ታናሽ ወንድሟ እህቱ ከያዘችለት በቀር የሚቀምሰው የለውም። ቦርሳዋ ደጋግሞ ከተፈተሸ በኋላ ማልቀሷን ተወች። አሁን የመጨረሻውን ቁራሽ ሳትውጥ በጉንጯ ይዛ፣ አፏን ገጥማ፣ በፈታሹ ፊት አልፋ ትሄዳለች። አንድ ቀን ተከተልኳት። ቤት ስትደርስ መዳፏ ላይ ተፋችለት። ልጁ ገና ከበር ስትገባ ጀምሮ የሚያየው አፏን ነበር።

፬ኛ፦ አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ሦስተኛውን ከጻፍኩ በኋላ ጠፋብኝ።

ምግብ ወደ ውጭ መውጣቱ ሙሉ በሙሉ መቆሙን በስብሰባ ላይ ስላበሠሩን እያመሰገንኩ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈታሹን ያንሱልን።

የቢሮዎን ምንጣፍ እንዳላቆሽሽ ከደጅ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
ታዛዥዎ ዳቦ ቆራጭ

ማስታወሻ፦ ልጅቱን አያውቋትም ማለቴ ስህተት ነው። ባለፈው ሊጎበኙን ሲመጡ በር ላይ አስቁመው ስሟን ደጋግመው ቢጠይቋት ዝም ያለችዎና «አሳዳጊ የበደላት» ብለው ያለፏት እሷ ናት። እውነትዎን ነው፣ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ይመለስለታል። አፏን ብትከፍት ግን የወንድሟ ምሳ ይወድቅ ነበር።