የፅጌ አማት ጅጅጋን ልታይ መጣች

ቅዳሜ

ውሃው አለቀ። ለሳምንት ይበቃል ያልኩት በርሜል ግማሹ ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ሙሉነሽ ራስ ላይ ፈሰሰ። ጅጅጋ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ውሃችን በአህያ ተጭኖ እንደሚመጣ ነው። ጠጉር የሚታጠበው ባለ አህያው በመጣ ቀን ነው። ትናንት ማታ ነግሬያታለሁ። «እሺ እትዬ ዘነቡ» አለችኝ። ጠዋት ስነሳ ግቢው ጭቃ ሆኗል።

ወይዘሮ ሙሉነሽ የልጅ ልጄ የፅጌ አማት ናት፣ የመስፍን እናት። መስፍን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ፅጌን አግብቶ እኔው ግቢ ይኖራሉ። ፅጌ ሰባት ወሯ ገብቷል፣ የመጀመሪያዋ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለደው፣ ይሄ የታወቀ ነው። የፅጌ እናት በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሐረር ስንሸሽ ታማ ቀረችብኝ፤ ስለዚህ እናትየዋ እኔ ነኝ። ሌላ እናት የላትም።

ሴትየዋ ግን ትናንት አውቶቡስ ተሳፍራ መጣችና «ከተማውን ልየው፤ ለመውለድ የማይሆን ከሆነ ልጅቷን አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ይዣት እሄዳለሁ» አለች። እቃ የምታነሳ ነው የሚመስለው። የምትመለሰው ሐሙስ ነው።

መስፍንን ምን ትላለህ ብለው «እማዬ እንግዲህ...» ብሎ ጀመረና ወደ ደብተር ማረሙ ተመለሰ።

ስለዚህ ከተማዬን ወድዳት እንድትሄድ ማድረግ አለብኝ። እንዲህ አሰብኩ፦
ነገ ከቤተክርስቲያን መልስ ወደ ካራማራ ተራራ ሥር፣ ንፋስ ሳይነሳ። ላይ መውጣት አይፈቀድም፣ ወታደር አለ፤ ከሥሩም ቢሆን ያምራል።
ሰኞ ፋጡማ ቤት ሻይ።
የፍየል ሥጋ በሩዝ።
ግመል ገበያ፣ ከሩቁ። ግመል በስዕል እንጂ አይታ አታውቅም።

ከሐረር ሲመጡ መስኮት በኩል ይቀመጡ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሜዳው ሁሉ ይታያል ብዬ በመስፍን በኩል አስቀድሜ አስነግሬያት ነበር። ምን አዩ ብላት «ተኝቼ ነበር» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ እንዴት ይተኛል።

እሁድ

ንፋሱ ቀደመን። ማልደን እንውጣ ብዬ ነበር፤ ተራራ የሚታየው በጠዋት ነው፣ ረፈድ ሲል ሜዳው አቧራ ሆኖ ይነሳል። እሷ ከቤተክርስቲያን ተመልሳ ጫማ ቀየረች። ከዚያ ነጠላ ቀየረች። ከዚያ የመጀመሪያውን ጫማ መልሳ አደረገች። ስንወጣ ሰዓቱ ሄዷል።

ከከተማው ጫፍ እንደደረስን መጣ። እኔ ለምጄዋለሁ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠምጥሜ ጀርባዬን ሰጠሁት። እሷ ፊት ለፊት ገጠመችው። ስንመለስ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኗል።

«ይሄ ከተማ ነው ወፍጮ ቤት?» አለችኝ።

«ወፍጮ ቤት ቢሆንማ ዱቄት ይዘን እንገባ ነበር» አልኳት። ፅጌ ሳቀች። ሴትየዋ አልሳቀችም።

የፍየል ሥጋውን በሩዝ አቀረብኩላት። ጥሩ ነው አለችና ሩዙን ብቻ በላች። ሥጋውን መስፍን ጨረሰው። እሱን ሥጋ ሲበላ ማንም አይቀድመውም። ለእናቱ ሁለት ቃል ተናገርልኝ ስለው ነው አፉ የሚያዝበት።

ተናድጄ ነው የተኛሁት።

ሰኞ

ሆዴ ከበሮ ሆኗል። ሁለት ሰው የሚጠጣውን ሻይ ብቻዬን ጠጣሁ።

ፋጡማ ጎረቤቴ ናት፣ ጨርቅ ትሸጣለች። ከሽሽት ስንመለስ በአንድ መኪና ነው የመጣነው፤ ቤቷ ጣሪያ እስኪለብስ ልጆቿ እኔ ጋ ያድሩ ነበር። ኢዶ ትለኛለች፣ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። እንግዳ ላመጣልሽ ነው ስላት የደጋ ክርስቲያን የግመል ወተት እንደማይቀምስ ስለምታውቅ የላም ወተት ፈልጋ ገዛች። በአዲስ ድስት አፈላችው። ድስቱን ራሱ አሳየችን።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ብርጭቆውን አሸተተችና አስቀመጠችው።

«ዋላሂ የላም ነው» አለች ፋጡማ።

«ጾም ነኝ» አለች ሴትየዋ።

በሰኞ ምን ጾም ነው። ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። «እንግዲህ ለኔ በረከት ነው» ብዬ የእሷንም ጠጣሁት። ፋጡማ ደግ ናት፤ ብርጭቆዎቹን አንስታ ወደ ሌላ ወሬ ገባች።

ልንወጣ ስንል ግን ፋጡማ ለፅጌ አንድ የሕፃን መጠቅለያ ልትመርጥ ጨርቆቿን ዘረጋች። ያኔ ነው ሴትየዋ ከመጣች ጀምሮ ዓይኗ ሲበራ ያየሁት። ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የሚንሸራተት። ዳሰሰችው። ጉንጯ ላይ አደረገችው። «አዲስ አበባ ይሄ የት ይገኛል» አለች። መጠቅለያው ተረሳ።

እኔም ሞኟ ደስ አለኝ። ወደደችው ብዬ።

ማክሰኞ

ጨርቁን ወደደችው እንጂ ከተማውን አልወደደችውም።

ቀትር ላይ ገበያ ልሂድ አለች። ከስድስት እስከ አስር ሰዓት ሱቅ ዝግ ነው፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጫቱ ላይ ነው፣ አይሂዱ አልኳት። ሄደች። ፅጌንም አስከትላ። አንዱን በር ስትደበድብ ከውስጥ «ሴትዮ፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?» አላት አሉ። እስኪከፈት ድረስ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። የሰባት ወር እርጉዝ፣ በዚያ ፀሐይ።

ሲመለሱ የፅጌ እግር አብጦ ጫማዋ አይወልቅም። እሷ ደግሞ የገዛችውን አልጋዬ ላይ ዘረገፈችው። የሱሪ ጨርቅ፣ ሶማሌዎቹ የሚለብሱት ስስ ቀሚስ፣ ቴርሞስ፣ ሽቶ፣ ጃንጥላ። ግመል ገበያውን ሳነሳባት «ግመል ምን ያደርግልኛል» አለች። እውነቷን ነው፣ አይለበስ።

ከእራት በኋላ ፍርዱን ሰጠች። «ሐሙስ ፅጌ ከኔ ጋር ትሄዳለች።»

«ከተማውን አዩት?» አልኳት።

«አየሁት እትዬ ዘነቡ፣ አቧራ ነው።»

«አቧራ ከሆነ ምነው ግማሹን ጠቅልለው ሊወስዱት?»

መስፍን ሳል ያዘው። ፅጌ ሳህን ማንሳት ጀመረች። ፅጌን ማንም አልጠየቃትም፣ አሁን ስጽፈው ነው የታየኝ፣ እኔም አልጠየቅኳት።

ረቡዕ

ዛሬ እርስዎ ማለቱን ተውኩት።

ከጅጅጋ ለሚወጣ ሰው ምክሬ አንድ ነው፤ ከምትለብሰው በላይ አትግዛ። ተራራው ላይ ኬላ አለ፣ ፊናንሶቹ፣ የጉምሩክ ፈታሾቹ፣ ሻንጣ ብቻ አይደለም የሚፈትሹት፣ ዳቦም ቆርሰው ያያሉ። ይሄን ማክሰኞ ጠዋትም ነግሬያታለሁ። «መላ አለው» ነበር መልሷ።

መላውን ዛሬ ከፅጌ ሰማሁት። ሴትየዋ ቀሚሶቹን ደራርባ ትለብሳለች። የሱሪ ጨርቁን ደግሞ ፅጌ ወገቧ ላይ ጠምጥማ ከቀሚሷ ሥር ታስራለች። እርጉዝ አይፈትሹም አለቻት።

ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። «ልጄ አንድ ሆድ ይበቃታል» አልኳት።

«ለግማሽ ቀን ነው እኮ።»

«አንቺ ለምን አታስሪውም?»

«እኔ አሮጊት ነኝ፣ ማን እርጉዝ ናት ይለኛል?»

«ሐኪም ቤት ፍለጋ ነው የምወስዳት ስትዪ አልነበር? ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ጨርቅ ተጠምጥሞ ነው የሚሄድ?»

ፊቷ ተለወጠ። የምትመልሰው ያላት መሰለኝ፤ ከዚያ ሻንጣዋን ማሰር ቀጠለች። መስፍንን ጠራሁት። «እማዬ፣ ይሄስ ትንሽ...» አለ። ትንሽ ምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረንም።

ፅጌ «ተዪው አያቴ፣ ጠብ አልፈልግም» አለችኝ። ለእሷ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዴት እንደሚያምም።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ሸኘኋቸው። ሴትየዋ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርባ ክንዷ ወደ ጎኗ አይወርድም። ፅጌ ወገቧ ወፍሮ ስታቅፈኝ ጨርቁን ነው ያቀፍኩት። መስፍን ሻንጣ ጭኖ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። እኔ ቤት ገብቼ የፅጌን አልጋ አነጠፍኩ፣ አፈረስኩት፣ እንደገና አነጠፍኩት። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ የአውቶቡሱ ጎማ እንዲፈነዳ ለምኛለሁ።

ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ኤንትሬ የጭነት መኪና ቆመ። ፅጌ ከጋቢናው ወረደች። ወገቧ ወደ ራሷ ወገብ ተመልሷል። ቀጥሎ ሴትየዋ፣ በአንድ ቀሚስ፣ ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ።

የሆነውን ፅጌ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነገረችኝ። ኬላው ላይ ሁሉም ውረድ ተባለ። ሴትየዋ ከቀሚሱ ብዛት በሩ ላይ ተቀረቀረች፤ ከኋላ ረዳቱ ይገፋል፣ ከፊት ፊናንሷ ትጎትታለች፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። ስትወጣ ላቧ እንደ ጎርፍ፣ ራሷን ዞራት፣ መሬት ተቀመጠች፤ ከአንዱ በቀር ቀሚሶቹን ወሰዱባት። ፅጌን ማንም አልነካትም፣ እውነትም እርጉዝ አልፈተሹም። እሷ ራሷ ከግድግዳው ጀርባ ሄዳ ፈታችውና ጨርቁን ፈታሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «ይሄ የኔ አይደለም» አለቻት። ሆዷን ይዛ «የኔ ይሄ ብቻ ነው።» ከዚያ መንገዱን ተሻገረችና ወደ ጅጅጋ በሚመጣው በኩል ቆመች።

አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ሴትየዋ ከመስኮት ሆና ፅጌ፣ ፅጌ ብላ ተጣራች። አልዞረችም። ሊነሳ ሲል ሴትየዋ ሻንጣዋን እንኳ ሳታወርድ ወርዳ መጣች። «ብቻሽን አልተውሽም» አለቻት አሉ።

ይሄን አንዷን ቃል ለእሷ መዝግቤላታለሁ።

ዓርብ

ሴትየዋ አልጋ ላይ ናት። አጥሚት ይዤላት ገባሁ፤ ምላሴንም ስዬ ነበር የገባሁት። ሽቶውስ ተረፈ ወይ ልላት።

አጥሚቱን ያዘችና አልጠጣችውም። «መስፍን የመጀመሪያዬ አይደለም» አለችኝ።

ባሏ ገጠር ተመድቦ ሳለ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ሴት ነበረች። አማጠች፣ ነጋ፣ መሸ፣ መኪና የለ፣ ሐኪም የለ። በበቅሎ ሲያወርዷት መንገድ ላይ ልጅቷ ተወለደች። አልቆየችም። መስፍንም ይሄን አያውቅም፣ ባሏም ከሞተ ወዲህ ለማንም ተናግራው አታውቅም።

«ከአውቶቡሱ ስወርድ ያንን ተራራ አየሁት» አለች። «ይሄን ሁሉ ዳገት አምጣ እንዴት ትወጣለች አልኩ። ሌላ ምንም አልታየኝም። ገበያ ስገባ ብቻ ይረሳኛል።»

«ምነው ቅዳሜ ብትነግሪኝ» አልኳት።

«ንፋስ፣ ተራራ፣ ፍየል፣ ግመል ስትይ መቼ አስወራሽኝ?»

አጥሚቱ ቀዝቅዞ ነበር፣ ላሙቀው ብዬ ወጣሁ። ማድ ቤት ቆሜ ራሴን ሰደብኩ። ለእንግዳ የሚታይ ብዬ ስቆጥር ሰነበትኩ፤ የእኛን ሐኪም ቤት አንድ ቀን አላነሳሁትም። ለመውለድ ይሆናል ወይ ብላ የመጣችን ሴት ወደ ግመል ገበያ። ለእሷ ግን እንዲህ አላልኳትም። ነገ የምወስድሽ ቦታ አለ አልኳት። «ተራራ ከሆነ አልሄድም» አለች።

ቅዳሜ

ሐኪም ቤቱ ሄድን፣ ሦስታችንም። ረጋ ብለን፣ ፅጌ እየተደገፈች።

ሙሉነሽ አልጋውን በእጇ ተጫነችው። ቧንቧውን ከፈተችው፣ ጠብ ጠብ አለ። አዋላጇን በጥያቄ አደከመቻት፤ ማታ ማን አለ፣ መብራት ቢጠፋስ፣ መኪና አለ ወይ። አዋላጇ የዋህ ሴት ናት፣ አልዋሸቻትም። «መኪና አለ፣ ነዳጅ ካለ። የከበደ ምጥ ሐረር ይሄዳል» አለቻት። እኔ ልቆነጥጣት ነበር፤ ምናለ ሁሉ ደህና ነው ብትላት። ፅጌን መረመረቻትና ልጁ ደህና ነው፣ የእግሯ እብጠት ግን ደስ አላለኝም፣ ትረፍ፣ በየሳምንቱ ትምጣ አለች።

ስንወጣ ሙሉነሽ በር ላይ ቆመች። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለቻት ፅጌን። በመጨረሻ የጠየቃት ሰው እሷ ሆነች፣ አበሳጨኝ።

ፅጌ «አያቴ ጋ ነው የምወልደው፣ እዚህ» አለች። «ከከበደ ሐረር እሄዳለሁ። አሁን ግን አውቶቡስ አልሳፈርም።»

«እንግዲያው እስክትወልጂ አልሄድም» አለች ሙሉነሽ።

ሁለት ወር። በእኔ አልጋ። እኔ መሬት ፍራሽ ላይ ነኝ፣ እሷ ታንኮራፋለች፣ የማድ ቤቴን ዕቃ ዛሬ ከሰዓት ቦታ አቀያይራ ጭልፋዬን አጣሁት። መስፍን «ደግ ሆነ እማዬ» አለ፣ አረፍተ ነገር ጨረሰ።

ያሸነፍኩ ይመስለኛል። ደስታው ግን አልመጣም፤ አልጋዬ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። የዚያች መንገድ ላይ የተወለደች ልጅ ነገርም ከሆዴ አልወጣ አለኝ፤ አዋላጇ ስለ እብጠቱ ያለችውም። ማርያም ትቅረባት እንጂ ምን እላለሁ።

አሁን ደግሞ ሙሉነሽ በምጥ ጊዜ የፅጌን ወገብ የምይዘው እኔ ነኝ አለች። እኔ ነኝ አልኳት። እኔ ነኝ አለች። ፅጌ ከውስጥ «ወገቤ ሰፍቷል፣ ተካፈሉት» አለችን።

ገና አልተስማማንም።