የሰዓዳ የጉሎ ዘይት

ሰኞ፣ ጥር 14

ዛሬም ሦስት ደንበኞቼ መንገዱን ተሻግረው ሰዓዳ ቤት ገቡ። አንዷ ስታየኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ቆቦ ላይ ሹሩባ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሰዓዳ ከሮቢት ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ሹሩባ እንኳ አታውቅም። ከጉሎ ዘይት ታወጣለች፣ ጥቁር አዝሙድ ትጨምርበታለች፣ የሴቱን ራስ ታሻለች፣ በቃ። የሳሳ ፀጉር ይመልሳል፣ ፎረፎር ያጠፋል እየተባለ ከጎብዬ ድረስ በሚኒባስ ይመጡላታል።

ሰላምታዋ ደግሞ ይብስብኛል። «ብርቄ፣ እንዴት አደርሽ?» ትለኛለች እንደ እህት። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 15

የአክስቴን ልጅ ልኬ አንድ ጠርሙስ አስገዛሁ። አሸተትኩት። ቀመስኩትም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጉሎ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ሰሊጥ። ሌላ ምንም የለውም። ይሄ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የደበቀችው ነገር አለ።

እኔም የራሴን ሠራሁ፦
የጉሎ ዘይት፤
አብሽ፤
ቅርንፉድ፣ አንድ እፍኝ፤
የተወቀጠ ሰናፍጭ፣ ራስ ሞቅ እንዲያደርግ።

ክንዴ ላይ ብሞክረው ለበለበኝ። ኃይል አለው ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ሐረግ መጣች። እሑድ ሰርጓ ነው። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ፀጉሯን የምሠራላት እኔ ነኝ። ግንባሯ ግራና ቀኙ ሳስቷል፣ እሱ አስጨንቋታል።

«አትቀየሚኝና ብርቄዬ፣ ለዚህ ለፊቱ ሰዓዳ ጋ ልሂድ ወይ?» አለችኝ።

እሷም። ሐረግም።

«እኔ ጋ የተሻለ አለ» አልኳት። ራሷን ሙሉ አሸሁላት፣ በፌስታል ጠቀለልኩት፣ እስከ ጠዋት እንዳትፈታው ነገርኳት። «ያቃጥላል እኮ» አለች። «ማቃጠሉ ነው መድኃኒቱ» አልኳት። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 17

የሐረግ እናት በጠዋት መጥታ ወሰደችኝ። የልጅቱ ራስ ቀልቷል። ከጆሮዋ በላይ ውሃ ቋጥሯል። ማበጠሪያ ማስጠጋት አይቻልም። እናቷ አልተቆጣችም። «ሦስት ቀን ነው የቀረን፣ ምን አድርገሽብን ነው?» አለች ብቻ።

ምን ላድርግ? ሰዓዳ ቤት ሄድኩ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ዛሬ ግን አላልቅ አለኝ።

የሐረግ ራስ መቁሰሉን ስነግራት «ምን ቀባሻት?» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት፣ ጠርሙሱን ማስገዛቴንም ጭምር። ሻርፗን አስተካከለችና «ነይ እንሂድ» አለች።

ቢስሚላህ ብላ በለብታ ውሃና በሳሙና ደጋግማ አጠበቻት። ዘይት ታወጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «በቆሰለ ራስ ላይ ዘይት አይደረግም» አለች። በውሃ የነከረችውን ጨርቅ ጣል አደረገችበትና ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን፤ ቅባት ሰጧት።

ስንመለስ የሐረግን ግንባር በጣቷ ዳሰስ አደረገች። «ይሄ ዘይት አጥቶ አይደለም። ጥብቅ ሹሩባ ነው ሥሩን የጎተተው።» ክፋት አልነበረበትም። ግን እናትየዋ ሰማች። ሐረግም ሰማች። ከተማው የሚያመሰግነኝ በዚሁ ጥብቅ እጄ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 18

ቅላቱ በርዷል። ሐረግ ዛሬም ሰዓዳን አስጠራች። እኔን አይደለም። ሰዓዳ ስታልፍ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። «ደህና ናት፣ አትጨነቂ» አለችኝ። አመሰገንኳት። ውስጤ ግን አላመሰገነም። ልጅቱን እኔ አቁስዬ፣ ያዳነቻትን ጠላሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ?

ቅዳሜ፣ ጥር 19

እናትየዋ ልትጠራኝ አልፈለገችም ነበር። «እኔ ሹሩባ አላውቅም፣ ያለ ብርቄ አይሆንም» ያለቻት ሰዓዳ ናት። ሄድኩ። የቆሰለውን ሳልነካ ከኋላ ብቻ በወፍራሙ ሠራሁ፣ ፊቱን ለቀቅ አድርጌ ተውኩት። ሰዓዳ አጠገቤ ቆማ «ላላ አድርጊው» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አሁንም ላላ።» ማበጠሪያውን ልወረውርባት ምንም አልቀረኝም።

አማረባት። ሴቶቹ ሁሉ «ሰዓዳ እጅሽ ይባረክ» አሉ። የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰዓዳ ይህንኑ ነገረቻቸው፤ እሱም አናደደኝ።

ሰኞ፣ ጥር 21

ሰርጉ በሰላም አለፈ። ሐረግ ስትሸኝ ስማኛለች፣ ግን ቶሎ ነው የለቀቀችኝ።

ዛሬ ሰዓዳ ቤቴ መጣች። ማንም አለመኖሩን አይታ በሩን ዘጋ አደረገችና ሻርፗን ፈታች። ፀጉሯን አይቼ አላውቅም፤ ወገቧ ድረስ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ከአናቷ ወረድ ብሎ መዳፍ የሚያህል ራሰ በራ አለ። ቆዳው የተጨማደደ።

«ልጅ ሆኜ የፈላ ውሃ ፈሶብኝ ነው» አለች። «ዘይቱን የተማርኩት ለዚህ ነበር። ሥሩ ከሞተ ግን አያበቅልም። እዚህ አገር ለማንም አላሳየሁም። የጎኑን ወዲህ አምጥተሽ ልትሸፍኚልኝ ትችያለሽ?»

ደስ አለኝ። እዚህ ላይ ካልጻፍኩት የትም አልናገረውም፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ አፈርኩ፣ ፊቴን እንዳታይ ከኋላዋ ዞርኩ።

ጠባሳው ዙሪያ ያለው ፀጉር ስስ ነው። ከጎን እያመጣሁ ቀስ ብዬ ጎነጎንኩት። ነገ አልቀናባትም ብዬ መማል አልችልም። መሀል ላይ ግን «ያምሻል ወይ?» አልኳት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እጄ ሥር የተቀመጠን ሰው ይህን ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው። «ትንሽ» አለች። አላላሁት።