ፖስተር ሠሪው አቶ መሳፍንት አገኘሁ እና ሳይሞላ የቀረው ነጭ ቦታ

አቶ መሳፍንት አገኘሁ ከአባታቸው ከአቶ አገኘሁ አማረ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ሰንበት ሙላት፣ በምሥራቅ ጎጃም በይጁቤ ከተማ አቅራቢያ ታኅሣሥ 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ፤ የኔታን ያስገረማቸው ግን ከንባባቸው ይልቅ የእጅ ጽሕፈታቸው ነበር። አንደኛ ደረጃን በይጁቤ፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ማርቆስ ተምረው በ1976 ዓ.ም. አጠናቀቁ።

ከዚያም የሱቅ ማስታወቂያና የመኪና ላይ ጽሑፍ ይሠሩ በነበሩ ሰው ዘንድ ተቀጥረው ብሩሽ ያዙ። በ1984 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ የራሳቸውን የሥራ ቤት ከፈቱ። በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ ትዕግስት መንግስቱ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጽመው ወንጌላዊትንና ምስጋናውን አፍርተዋል።

አቶ መሳፍንት ይበልጥ የሚታወቁት ከካሴት ዘመን ጀምሮ በሠሯቸው የሙዚቃ አልበም ፖስተሮች ነው፤ በመጀመሪያ በእጃቸው እየሣሉ፣ ኋላም በኮምፒውተር። ሥራው ሕግ ነበረው። የዘፋኙ ፊት ከመሐል ይገባል፤ ዓይኑ ሰው ማየት አለበት፤ ጥርሱ ቢታይ ይመረጣል። የአልበሙ ስም ከላይ በቢጫ ይጻፋል፤ ለቢጫው ቀይ ጥላ ይደረግለታል። ከጀርባ ጮቄ ተራራ ወይም ፏፏቴ፣ በአንድ ጎን ማሲንቆ፣ በሌላው እስክስታ የሚወርዱ ልጆች ይቆማሉ። የዘፈኖቹ ርእስ በተራ ይደረደራል፤ ከሥሩ የግጥሙና የዜማው ደራሲ፣ አቀናባሪው፣ አከፋፋዩ። ጥግ ላይ ደግሞ «በቅርብ ቀን» የሚል ቀይ ሪባን በሰያፍ ያልፋል። ጣት የሚያርፍበት ቦታ ከተረፈ አሳታሚው ይቆጣል። «አያ መሳፍንት፣ እዚህ ጋ ምነው ባዶ ሆነ? ወረቀት ነው እንዴ የምንሸጠው?» ይላቸው ነበር። እሳቸውም አንድ አበባ ይጨምሩበታል።

ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው የሚናገሩት ያው አንድ ነገር ነበር፦ «ትዕግስት፣ ዓይኔ ደከመ። አንድ ቀን የሰው ዓይን የሚያርፍበት ፖስተር እሠራለሁ።» ወ/ሮ ትዕግስትም «መጀመሪያ አንተ እረፍ» ይሏቸዋል። አላረፉም፤ ምኞቱም አልለቀቃቸውም።

በዚያው ቤት የአርባና የሙት ዓመት ወረቀትም ይሠሩ ነበር። የዚህኛው ሕግ ሌላ ነው። ነጭ መደብ፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ ጥቂት ጥቁር ጽሑፍ። የዘፈኑ ሥራ በአንዱ ግድግዳ፣ የለቅሶው በሌላው ተሰቅሎ ይታይ ነበር። አቶ መሳፍንት ከዘፈኑ ግድግዳ ወደ ለቅሶው ዞር ብለው ብዙ ጊዜ ይቀመጡ እንደነበር ቤተሰቡ ያስታውሳል።

በ2003 ዓ.ም. ጥር ወር፣ እንደ ታናሽ ወንድማቸው የሚያዩአቸው የቁይ ከተማው ድምፃዊ አስማማው የኔአለም የመጀመሪያ አልበማቸውን ይዘው መጡ። አልበሙ የእንጉርጉሮ ነበር፤ በራሳቸው ስላሳተሙትም የሚቆጣ አሳታሚ አልነበረም። አቶ መሳፍንት ያን ጊዜ የተመኙትን ሠሩ። ነጭ ወረቀት፤ በግራ በኩል ከታች ጥግ ላይ አስማማው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ አንገታቸውን አዘንብለው፣ ወደ ሌላ እያዩ። ስማቸውና የአልበሙ ስም በቀጭን ጥቁር ፊደል። ከላይ ምንም የለም። አስማማው አይተው «አያ፣ ይኼስ እኔን ይመስላል» አሉ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን አስለጠፉት።

አንድ የቁይ ነጋዴ ከደጀን ሲመለሱ ወረቀቱን በአውቶቡስ መስኮት አዩት። ነጭ መደብ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው፣ ጥቁር ስም። አውቶቡሱ እንዲያነቡ አልቆመላቸውም፤ ማንበብም ያስፈልጋል ብለው አላሰቡም። በአገራችን በሕይወት ያለ ዘፋኝ እንዲያ ሆኖ አይለጠፍም። ቁይ ሲደርሱ መርዶው ተነገረ። የአስማማው እናት ወ/ሮ ዘሪቱ ጠጉራቸውን ተላጩ፣ ፊታቸውን ቧጠጡ፤ ድንኳን ተተከለ። አስማማው ይጁቤ ሠርግ ላይ ሲዘፍኑ ስልካቸው ጠፍቶ ስለነበር ምንም አልሰሙም። ከሠርጉ መልስ አልበሙን ለእናታቸው ሊሰጡ ቁይ ሲደርሱ ድንኳኑን አዩና፣ ከደጅ የተቀመጡ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌን «አባቴ፣ ማን ነው ያረፈው?» ብለው ጠየቁ።

«የዘሪቱ ልጅ ነው፣ ዘፋኙ። ግባና እዘን እንጂ፣ ምን ቆመህ ትጠይቃለህ!» አሏቸው።

ወ/ሮ ዘሪቱ ልጃቸውን ባዩ ጊዜ ወደቁ፤ ለወራትም አልጋ ላይ ዋሉ። አልበሙን ሰው ፈራው። አስማማው ባለፉበት ሁሉ «ሟቹ መጣ» የሚል ቀልድ ተከተላቸው፤ የሽማግሌው መልስም በየቤቱ ተወራ። አቶ መሳፍንት በደብረ ማርቆስ፣ አስማማው በደጀን በኩል፣ ሳይነጋገሩ ወረቀቱን ከየግድግዳው ላጡት።

አቶ መሳፍንት ሽማግሌ ይዘው ለይቅርታ ቁይ ሄዱ። ወ/ሮ ዘሪቱ የተላጨ ራሳቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ ለሞተ ሰው የምትሠራውን ለእኔ ልጅ ለምን ሠራህለት?» ሲሉ ጠየቋቸው። አቶ መሳፍንት «እማማ፣ ቆንጆ መስሎኝ ነው» ብቻ አሉ። ወ/ሮ ዘሪቱ ይቅር አሏቸው። አስማማው ግን ሽማግሌዎቹ መመረቅ ሲጀምሩ ተነሥተው ወጡ፤ የሁለቱ ሰላምታም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ አቶ መሳፍንት በፖስተር ላይ ባዶ ቦታ ትተው አያውቁም። አሠሪው «በቃ፣ ይበቃል» እያለ እንኳ አበባ ይጨምሩ ነበር። ሥራውን የተማረችው ልጃቸው ወንጌላዊት «አባዬ፣ ትንሽ ቢቀልልስ?» ስትላቸው «ሰውየው በሕይወት አለ፤ መኖሩ ይታወቅለት» ይሏት ነበር። ያ የነጭ ወረቀት ሥራ ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን የነገራቸው አልነበረም፤ እሳቸውም ማንንም አልጠየቁም። ካሴቱ ቀርቶ ሲዲ፣ ሲዲው ቀርቶ ዘፈን በስልክ ሲሆን ፖስተር የሚያሠራ ጠፋ። የቀራቸው የለቅሶው ግድግዳ ብቻ ነበር። ደከሙ፤ ደክሟቸውም ሠሩ።

በ2015 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው፣ በመጨረሻ ከቤታቸው ውለው ማደርን መረጡ። ባለፈው ጥር ወር አስማማው ሳይጠሩ መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«አያ መሳፍንት፣ ሟቹ መጥቷል» አሉ።

«ግባና እዘን እንጂ፣ ምን ቆመህ ትጠይቃለህ» አሏቸው አቶ መሳፍንት። ሲስቁ ከታዩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር።

አስማማው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው እናታቸው ባለፈው ዓመት ማረፋቸውን ነገሯቸው። ቆይተውም «ያ ወረቀት ቆንጆ ነበር፣ አያ። ደጀን ላይ እየላጥሁት እንኳ ቆንጆ ነበር። እስከ ዛሬ የተናደድሁት ለዚያ ነው» አሏቸው።

አቶ መሳፍንት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በኋላ ወንጌላዊትን ጠርተው «ያን ለእኔ አድርጊልኝ። ከላይ ምንም እንዳትጨምሪ። አሁን ማንም አይሳሳትም» አሏት።

አቶ መሳፍንት አገኘሁ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ትዕግስት መንግስቱን፣ ልጆቻቸውን ወንጌላዊትንና ምስጋናውን፣ እኅታቸውን ወ/ሮ ጥሩነሽ አገኘሁን፣ እንደ ወንድም ያዩአቸው የነበሩትን ድምፃዊ አስማማው የኔአለምንም ትተው ሄደዋል።

በእጃችሁ ያለውን ወረቀት ገልብጣችሁ ፊቱን ብታዩ፣ ከፎቶግራፋቸው በላይ ያለው ነጭ ቦታ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። የሠራችው ወንጌላዊት ናት፤ ፎቶግራፉን የመረጡት አስማማው ናቸው። ዓይናችሁን ጥቂት አሳርፉበት።

ለብዙ ዘመን የደከሙ ዓይኖቻቸውን እግዚአብሔር በብርሃኑ ያሳርፍልን፤ ለነፍሳቸው ከደጋጎቹ ጎን ሰፊ ቦታ ይስጥልን። አሜን።